ቁጥርሽ ስንት ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የሴቶች ልብስ ጉዳይ ነውና ወንዶች ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ስፖርቱ እንዳታልፉ አደራ እላለሁ። እኅት፥ ሚስት ወይም እጮኛ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከልብስ መደብር ቆሞ «ቁጥሯ ስንት ነው?» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔን ያገኘኝ እንዳያገኘው አሁን ቢሰማኝ ይሻለዋል።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ የታወቀ ስለሆነ፥ አዲስ ልብስ የምገዛው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። አምና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአጭር ትምህርት ጀርመን አገር ደርሳ ስትመለስ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ይዛልኝ መጣች። ብለብሰው በእኔው ላይ የተሰፋ መሰለ። ከአንገቱ በስተኋላ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ገልብጬ ባይ 40 ትላለች። «እንግዲህ ቁጥሬ 40 ነው» ብዬ፥ ሰው የመታወቂያውን ቁጥር እንደሚይዝ በልቤ ያዝሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ቦሌ ካለ አንድ የልብስ መደብር ገባሁ። ሻጪዋ ልጅ በደኅና ተቀበለችኝና «ስንት ቁጥር ነሽ፥ የኔ እናት?» አለችኝ። እኔም ሳላቅማማ «40» አልኋት። አንዱን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ብሞክረው ትከሻዬን እንደምንም አለፈና ደረቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ብስበው እንቢ፥ ወደ ላይ ብመልሰው እንቢ። ሁለት እጆቼ ወደ ሰማይ ተዘርግተው፥ ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ፥ እንደ ተማረከ ወታደር ቆሜ ቀረሁ። «ገባልሽ?» ትለኛለች ከውጭ። ምን ብዬ ልመልስ! በመጨረሻ ራሷ ገብታ ጎትታ አወጣችኝና ከእግር እስከ ራሴ ካየችኝ በኋላ «አንቺ እንኳ 46 ነሽ» ብላ ፈረደች።

46ቱ ገባ። እውነቱን ለመናገር ያምርም ነበር። ነገር ግን በሁለት ወር ውስጥ ከ40 ወደ 46 የደረሰች ሴት በመስተዋት ውስጥ ምን ውበት ይታያታል? የወር ደመወዜን ሲሶ ያህል ከፍዬ፥ ቀሚሱንም ኀፍረቴንም በአንድ ፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ተውሁ። ወሩ ጥቅምት ስለነበረ ባልደረቦቼ «የምን ጾም ነው ይኼ? ፍልሰታ ካለፈ ቆይቷል፥ ጾመ ነቢያትም ገና ነው» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም የስእለት ነው እያልሁ ዋሸሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የፋይሎቹ ቁጥር በዓይኔ ላይ ይዘዋወር ጀመር። የአንዱን ባለጉዳይ መዝገብ ከሌላው ውስጥ አስገብቼ ሰውየው ሦስት ቀን ሲመላለስ ኖረ። በእኔ ቀሚስ የተነሣ እርሱ ሲንገላታ ሳስበው ዛሬም ይከነክነኛል። በሦስተኛው ሳምንት ፋይል ታቅፌ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመና ተቀመጥሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ስኳሩ የበዛ ሻይ አስመጡልኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን በቤታችን የሆነው ነው። ታናሽ እኅቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብራን ትበላለች። አንድ ቅዳሜ እንጀራዋን ከግማሽ ትታ እጇን ለመታጠብ ተነሣች። እናቴ «ምነው፥ ወጡ አልጣመሽም?» ብትላት ወደ እኔ እያየች «እኔም እንደ እርሷ ቁጥሬ እንዳይጨምር ነዋ» አለች። ክንዷ ሸንበቆ የመሰለ ልጅ! እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ትሪውን አነሣች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በዚሁ መካከል የልብ ጓደኛዬ ሰርግ ለጥር ተቆርጦ ከአራቱ ሚዜዎች አንዷ እንድሆን ተመረጥሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ይህን ስትሰማ «የሚዜነት ቀሚስሽን እኔ እልክልሻለሁ ሆዴ፥ ቁጥርሽ ስንት ነው?» አለችኝ። ያቺው ጥያቄ! 40 ልበላት ወይስ 46? ስጨነቅ የአያቴ ሣጥን ትዝ አለኝ።

የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን መምጣት ሲጀምሩ፥ ከነዚያ የመጀመሪያዎቹ አንዷ በአያቴ ጎረቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ጊዜዋን ጨርሳ ስትሄድ አንድ ባለ አበባ ቀሚስ ለአያቴ በመታሰቢያነት ሰጠቻት። አያቴ ቀሚሱ አጭር ነው ብላ አንድም ቀን አልለበሰችውም፤ የሰው ስጦታ ነው ብላም አልጣለችውም። እርሷ ዕድሜዋን በሙሉ የለበሰችው ሸማኔ የሠራውን፥ በመቀነት የሚታሰረውን ነው። መቀነት ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ ስትወፍሪ ይላላል፥ ስትከሺ ይጠብቃል፥ ማንንም አያሳፍርም። ያን የአበባ ቀሚስ እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሁለት ጊዜ ለብሼው ልኬ መሆኑን አውቃለሁ። አውጥቼ ባየው 16 ይላል፥ በአሜሪካ የተሠራ መሆኑም ተጽፎበታል። «የአሜሪካ ቁጥር ለአሜሪካ መደብር» ብዬ 16 ስል ለአክስቴ ላክሁላት። በብልኀቴ ኮርቼ እንደነበረ አልደብቃችሁም።

ቀሚሱ ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው በመንገደኛ እጅ ደረሰ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፥ ሲነኩት የሚለሰልስ ግሩም ልብስ ነበር። ለብሼው ብወጣ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች፤ እኅቴ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሶፋው ላይ ወደቀች። እኔና እርሷ አብረን ብንገባበት ለሦስተኛ ሰው ቦታ ይተርፍ ነበር። በጥቅምት ሦስት ደረጃ ወፍሬ በጥር ከልብሱ ውስጥ ጠፋሁ ማለት ነው።

በማግስቱ አራቱንም ቀሚሶች፥ የጀርመኑን፥ የቦሌውን፥ የአያቴንና የአክስቴን፥ በሻንጣ ይዤ መርካቶ ወደማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሄድሁ። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ከአንድ ጣልያን ልብስ ሰፊ ዘንድ የተማሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ታሪኬን እንባ እየተናነቀኝ ስነግራቸው ጨርሰው እንኳ አልሰሙኝም። «ቁሚ እስቲ ልጄ፥ ትንፋሽሽንም አትያዢ» ብለው ለኩኝና ከደብተራቸው ላይ ጻፉ፦ ደረት 92፥ ወገብ 76፥ ዳሌ 100። ከዚያም ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፥ በሜትር ከብብት እስከ ብብት ለኩ። የጀርመኑ 48 ሴንቲ ሜትር። የቦሌው 48። የአያቴ 48 ከትንሽ ፈሪ። የአክስቴ 57።

«ይኸውልሽ» አሉኝ፥ «48 እጥፉ 96 ነው። ያንቺ ደረት 92፤ አራቷ ሴንቲ ሜትር መተንፈሻሽ ናት። ሦስቱ ቀሚሶች አንድ ናቸው።»

«40፥ 46 እና 16 አንድ ናቸው አባባ?»

«አንድ ናቸው እልሻለሁ! የቦሌው የጣልያን ነው። ጣልያን የደረትሽን ግማሽ ነው የሚጽፈው። የ92 ግማሽ ስንት ነው?»

46 ነው። አንባቢዎቼ፥ ሦስት ወር ሙሉ ያስለቀሰኝ ቁጥር ለሁለት ማካፈል ኖሯል!

ያን ቀን ማታ ነገሩ አላስተኛኝ ብሎ ስለዚሁ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ጀርመኖችም ደረትን ለሁለት ያካፍሉና 6 ይቀንሱለታል፤ 46 ሲቀነስ 6፥ 40። ፈረንሳዮች የሚቀንሱት 4 ስለሆነ እኔ በፓሪስ 42 እሆናለሁ። በቦሌው መደብር መጀመሪያ የተሰጠኝ የጣልያን 40 ደግሞ ደረቷ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ልጅ የተሠራ ነበር፤ እንኳን አልወርድ አለ!

የአውሮፓው ግራ መጋባት እንዲህ በሒሳብ ይፈታል። የአሜሪካኖቹ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ 14፥ 16፥ 18 የሚሉት ቁጥሮች የልጃገረዶች ዕድሜ ነበሩ፤ የ16 ዓመት ልጅ 16 ቁጥር ትለብሳለች፥ ትልቅ ሴት ግን በደረቷ ኢንች ትገዛለች። እያደር ዕድሜው ተረሳና ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ከ1939 እስከ 1940 ድረስ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች 15,000 ያህል ሴቶችን፥ እያንዳንዷን 59 ቦታ እየለኩ መዘገቡ፤ ውጤቱም በ1941 ታተመ። ድካማቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለሒሳቡ የተወሰደው የነጮቹ ሴቶች ልክ ብቻ ነበር። እንግዲህ የእኔ ቢጤዋ ሴት ያን ጊዜ ከመዝገብ ቤቱ ውጭ ቀርታለች።

በፖስታ ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎች «አልሆነኝም» እየተባለ የሚመለሰው ልብስ ስላስቸገራቸው መንግሥትን ወተወቱ፤ በ1958 ለሴቶች ልብስ አንድ የጋራ መለኪያ ወጣ። በዚያ መለኪያ 8 ቁጥር ማለት ወገቧ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ቀጭን ሴት ነበረች። መለኪያው ግን ግዴታ ሆኖ አልኖረም፤ በ1983 ጭራሹን ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፋብሪካ የገዛ ራሱን ሠፈረ። ነጋዴው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፦ ሁለት እኩል ቀሚሶች ቢቀርቡላት ሴትዮዋ ትንሽ ቁጥር ያለውን በደስታ ትገዛለች። ስለዚህ ልብሱን እያሰፋ ቁጥሩን እንደነበረ ተወው። የዛሬው 8 ቁጥር የ1958ቱን 16 ሊያክል ምንም አልቀረው። የያኔው 8 ደግሞ ዛሬ አቻ የለውም፤ ከታች 0፥ ይባስ ብሎም 00 የሚባል ቁጥር ፈልስፈዋል፥ እርሱም ቢሆን ከያኔው 8 ይሰፋል ይባላል። 0 ቁጥር የሆነች ሴት አለች ይባላል ወይስ የለችም? ይህን ለእናንተ ለሒሳብ ተማሪዎች ትቼዋለሁ።

እንግዲህ የአያቴ 16 እና የአክስቴ 16 የማይገናኙት ለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ስድሳ ዓመት አለ። የአሜሪካን 16 ጠየቅሁ፥ የአሜሪካን 16 ላከችልኝ፤ እኔም አልዋሸሁ፥ አክስቴም አልተሳሳተች፥ መደብሩም የተጻፈውን ሸጠ። ጥፋተኛ ፈልጌ ያጣሁበት ጉዳይ ይኸ ብቻ ነው።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት ሠርታለች፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ ሲሰፋበት የቆየ ነው። እርሷን ብጠይቃት ከት ብላ ሳቀች። ጨርቁ በአንድ ላይ ብዙ ንብርብር ሆኖ ተነጥፎ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ የላይኛውና የታችኛው ትንሽ ይለያያሉ፤ ስፌቱም ላይ ወዲህ ወዲያ የሚፈቀድ ልዩነት አለ፤ ጂንስ ከሆነ ደግሞ እጥበቱ ያሳጥረዋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ሱሪዎች እንኳ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። «እኛ የምንሰፋው የተሰጠንን ልክ ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ያዘዘው ድርጅት ነው» አለችኝ። ድርጅቱም ቢሆን ልብሱን የሚሞክርባት አንዲት ሴት ቀጥሮ፥ ለሌሎቻችን ከእርሷ ልክ ላይ እየጨመረና እየቀነሰ ይሠራል። አንዱ ዳሌዋ ሰፊ የሆነችውን ይቀጥራል፥ ሌላው እንደ ችቦ ቀጥ ያለችውን። የኛ ልክ ከማን ጋር እንደሚገጥም ዕድል ነው።

ወንዶች እዚህ ላይ አትሳቁ። የሸሚዛችሁ አንገት ቁጥር እውነተኛ ልክ ስለሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የሱሪያችሁን ግን ሜትር ይዛችሁ ለኩት፤ 32 ኢንች ተብሎ የተጻፈበት ወገብ 34 ሆኖ ብታገኙት «ምነው ነጋዴው አፈረልኝ» ትላላችሁ።

አውሮፓውያን ከ2001 ጀምሮ በየክፍሉ ባወጡት አንድ የጋራ ደረጃ፥ የሰው ሥዕል ተደርጎ ደረቱና ወገቡ በሴንቲ ሜትር እንዲጻፍበት መክረው ነበር፤ ግዴታ ስላልሆነ ግን አብዛኛው መደብር ከአሮጌው ቁጥሩ አልወጣም። እኔን የገረመኝ የቻይናው ነው። መርካቶ ከምንገዛው ልብስ ብዙው የቻይና መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ኤል፥ ኤክስ ኤል ከሚለው ፊደል አጠገብ አንዳንዴ እንደ 165/92A ያለ የማይነበብ የሚመስል ነገር ተጽፎ ይገኛል። እኔ ሁልጊዜ የፋብሪካው ምሥጢር ይመስለኝ ነበር። ምሥጢር አይደለም፤ ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር፥ ደረቷ 92 ለሆነች ሴት ማለት ነው። A የሚለው ፊደል ደረቷ ከወገቧ ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ጉርድ ቀሚስና ሱሪ ላይ ሁለተኛው ቁጥር የወገብ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፊደል ኤልም ይሁን ኤክስ ኤል ምንም አትስሙት። እኔ ራሴ አሁን በሦስት ኤክስ የተጻፈ ሹራብ ለብሼ ይህን እጽፋለሁ፤ ልኬ ነው።

«ልኬ» ስል አንድ ነገር ታሰበኝ። እኛ «ልክ» የምንለው ቃል መለኪያም ነው፥ እውነትም ነው። «ልክ ነው» ስንል ትክክል ነው ማለታችን ነው። «ልክ አስገባዋለሁ» ስንል ደግሞ ሰውየው ወዮለት! እኔን የቦሌዋ ልጅ በ46 ልክ ልታስገባኝ ስትል ልክ አልነበረችም፤ እኔም ልክ መሆኗን ሳላጣራ አመንኋት።

እንዴት እንደሚለኩ ሽማግሌው ያሳዩኝን ልንገራችሁ፤ ሜትር ከማንኛውም የክር ሱቅ በጥቂት ብር ይገኛል። ደረትን ከሚሰፋበት፥ ወገብን ከሚቀጥንበት፥ ዳሌንም ከሚሰፋበት ትለኪያለሽ። ሜትሩ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን፥ አይጥበቅ፥ አንቺም ሆድሽን አታስገቢ፤ ማንን ለማታለል ነው? ልብስ ስትገዢ መልበሻ ክፍል ባይኖር፥ ሳልባጅም ቢሆን፥ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት ለኪና እጥፍ አድርጊው። ከደረትሽ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ተይው፥ የፈለገውን ቁጥር ይጻፉበት። ለእጮኛህ ስጦታ የምትገዛ አንተም ብትሆን፥ አንድ ልኩ የሆነ ቀሚሷን በዘዴ አግኝተህ እንዲሁ መለካት ትችላለህ። ብትያዝ ግን እኔ የለሁበትም።

ቀሚሱን ሽማግሌው በሦስት ቀን አደረሱልኝ። ከጎንና ከጎኑ ቆርጠው አጠበቡት፤ ከተረፈውም ጨርቅ ለእኅቴ የአንገት ልብስ አወጡላት። የ16 ምልክቱን ሊፈቱት ሲሉ «ይተዉልኝ አባባ» አልኋቸው። ከሰርጉም አንድ ቀን በፊት ቅዳሜ ነበረ። እናቴ ምሳ ስታቀርብ እኔ ቀድሜ ቁጭ አልሁ፤ እኅቴ እያየችኝ ሁለተኛ እንጀራ ጨመርሁ። እርሷ መጀመሪያ ዝም ብላ አየችኝ፥ ቀጥሎ «ይሁን እንግዲህ» ብላ እጇን ሰደደች።

ከሰርጉ በኋላ አክስቴ ፎቶግራፉን አይታ ደስ ስላላት ለእኅቴ የምረቃ ቀሚስ ልትልክ ቃል ገባች። «ቁጥሯ ስንት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም እኅቴን አቁሜ ለካኋትና 162፥ 84፥ 66፥ 91 ብዬ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። «አንቺ ልጅ፥ ይኼ የልብስ ነው ወይስ የስልክ ቁጥር?»